ሰው ወደ ዓሣ ለምን ይሄዳል?

ቅዳሜ በማለዳ ከአዳማ ወደ ዝዋይ ስጓዝ፣ መንጠቆውን በጋዜጣ የጠቀለለ አንድ ወጣት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ አጠገቤ ተቀመጠ። «ዓሣ በገበያ እያለ ለምን ይደክማሉ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሳምንቱን ሙሉ የምጽፈው የሌላ ሰው ደብዳቤ ነው፤ የማጠምደው ዓሣ ግን የራሴ ነው» አለኝ።

ምክንያቱ እንደ ሰዉ ይለያያል። ለዝዋይ ደሴቶች ተወላጆች፣ ለዛዮች፣ ዓሣ ኑሮ ነው። በጋምቤላ አኙዋኮች ዓሣን በጦር ይወጋሉ፤ በዚያ የዓይንና የክንድ ብርታት ይፈተናል። ጠልቆ በጦር ለማደን ግን የጠራ ውሃ ያስፈልጋል። ዝዋይና ላንጋኖ ድፍርስ ናቸው፤ በ1952 ዓ.ም. አዋሽ ተገድቦ የተፈጠረው ቆቃም እንዲሁ። ስለዚህ የእኛ ሰፈር አጥማጅ በጦር ፈንታ ትዕግሥትን ይዞ ይቀመጣል።

እኔም መንጠቆ ተውሼ ሦስት ሰዓት ተቀመጥሁ። በመጨረሻ መዳፍ የምታህል ቆሮሶ ያዝሁ፤ ደስታዬም ወሰን አጣ። ጓደኛዬ ግን «ገና እንቁላል አልጣለችም» አለኝ። በጠባብ መረብ ትንንሹ ሳይቀር እየተጠረገ የዝዋይ ቆሮሶ መመናመኑን አውቅ ነበር፤ ለተማሪዎቼም አስተምሬዋለሁ። ሆኖም እጄ ለመልቀቅ ዘገየ።

አንባቢ ሆይ፣ በመጨረሻ ለቀቅኋት። ባዶ እጄን ብመለስም ሰኞ ክፍል ስገባ ትምህርቱን ያለ እፍረት አስተማርሁ።