ምድጃና ደኅንነቱ፤ ከምድር ባቡር ፉርጎ እስከ ባሕር ዳር ገበያ

በባሕር ዳር ሱቆችና ገበያዎች በየዕለቱ ከሚፈለጉት የቤት ዕቃዎች አንዱ የከሰል ምድጃ ነው። ገዢው ዋጋውን ይጠይቃል፤ ዕቃውን አንሥቶ ክብደቱን በእጁ ይመዝናል፤ ተስማምቶም ይወስዳል። ሻጩም ገንዘቡን ተቀብሎ ሌላ ደንበኛ ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ምድጃ እንደ ሰሐንና እንደ ብርጭቆ ያለ ዕቃ አይደለም። እሳት የሚያድርበት ዕቃ ስለሆነ ጉድለቱ የሚታወቀው ከሱቅ ከወጣ በኋላ፣ ይልቁንም በርና መስኮት በተዘጋበት በብርድ ሌሊት ነው። ስለዚህም ምድጃ የሚያሠራ፣ የሚያስመጣ ወይም የሚሸጥ ነጋዴ ከዋጋው በፊት ሦስት ነገሮችን መመርመር ይገባዋል። ምድጃው ቢገለበጥ እሳቱ ምን ይሆናል? ገላው ሙቀቱን ችሎ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል? ከእሳቱ የሚወጣው አየርስ ወዴት ይሄዳል?

እነዚህን ጥያቄዎች በብዙ ሰዎች ሕይወት ዋጋ የተማሩት የምድር ባቡር ሰዎች ናቸው። ምድር ባቡር እስከ ጣና ዳርቻ ባይደርስም፣ የፉርጎው ምድጃ ታሪክ ለባሕር ዳር ምድጃ ነጋዴ የሚጠቅም ትምህርት አለው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በፉርጎ ውስጥ የነበረው እሳት

በ19ኛው ምዕተ ዓመት በሰሜን አሜሪካ ይሠራባቸው የነበሩት የመንገደኛ ፉርጎዎች አብዛኛው አካላቸው ከእንጨት ነበር። የዚያ አገር ክረምት እጅግ ብርድ ስለሆነ በፉርጎው ጫፍ በእንጨት ወይም በድንጋይ ከሰል የሚነድ የብረት ምድጃ ይቆም ነበር። በምድጃው አጠገብ የተቀመጠው መንገደኛ በሙቀት ሲጨነቅ፣ ራቅ ብሎ የተቀመጠው በብርድ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህ ግን ከችግሮቹ ሁሉ ትንሹ ነበር። ባቡሩ ከሐዲዱ የወጣ እንደሆነ ምድጃው ይገለበጣል፤ በሩ ይከፈታል፤ ፍሙም በእንጨቱ ወለልና በወንበሮቹ ላይ ይፈሳል።

በዲሴምበር 18 ቀን 1867 በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር አንጎላ በምትባል መንደር አጠገብ የአንድ ባቡር የኋላ ፉርጎ ከድልድይ ወድቆ በምድጃው ፍም ስለ ተቃጠለ 49 ያህል ሰዎች ሞቱ። በዲሴምበር 29 ቀን 1876 በኦሃዮ ክፍለ ሀገር በአሽታቡላ የብረት ድልድይ በበረዶ ነፋስ መካከል ተሰበረ፤ ባቡሩም ከነመንገደኞቹ ወደ ገደሉ ወረደ። ከውድቀቱ የተረፉት ብዙ ሰዎች ከፍርስራሹ መውጣት ሳይችሉ ከምድጃዎቹ በተነሣው እሳት ስለ አለቁ የሟቾቹ ቁጥር ወደ 92 ደረሰ። በፌብሩዋሪ 1887 በቬርሞንት ክፍለ ሀገር ሌላ ባቡር ከድልድይ ላይ በበረዶ ወደ ረጋ ወንዝ ወድቆ በተመሳሳይ ሁኔታ ተቃጠለ። ድልድዩን የሰበረው ሌላ ምክንያት ሲሆን፣ የተረፈውን ሰው የጨረሰው ግን ሊያሞቀው የተቀመጠው ምድጃ ነበር።

ማጠንከር፣ መዝጋት፣ ማራቅ

መሐንዲሶቹ መፍትሔውን ያገኙት በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሦስት ደረጃ ነው። በመጀመሪያ ምድጃውን አጠነከሩት። ገላውን ከወፍራም ብረት ሠርተው ከወለሉ ጋር በቡሎን አሠሩት፤ በሩም በመናወጥ እንዳይከፈት መቆለፊያ አበጁለት። ይህ ጥሩ ሥራ ነበር፤ ሆኖም ፉርጎው ራሱ ሲደቅቅ በወለሉ ላይ የታሰረ ምድጃ ከወለሉ ጋር አብሮ ይደቅቃል።

ሁለተኛው ደረጃ እሳቱን በአንድ ጠንካራ ዕቃ ውስጥ ዘግቶ ሙቀቱን ብቻ ማውጣት ነበር። ቤከር የተባለ አሜሪካዊ የሠራው ማሞቂያ በዚህ ረገድ የታወቀ ነው። በምድጃው ውስጥ እንደ ጥምጣም የተጠቀለለ የብረት ቧንቧ አለ፤ በቧንቧው ውስጥ ጨው የተጨመረበት ውሃ ይሞላል። ውሃው ሲሞቅ ይቀልና ወደ ላይ ይወጣል፤ ከመቀመጫዎቹ ሥር በተዘረጉት ቧንቧዎች ዞሮ ሲቀዘቅዝም ተመልሶ ወደ ምድጃው ይገባል። ጨው የተጨመረበት ምክንያት እሳቱ በጠፋ ጊዜ ውሃው በረዶ ሆኖ ቧንቧውን እንዳይሰነጥቅ ነው። በዚህ ዘዴ ሙቀቱ ለሁሉም መንገደኛ እኩል ይደርሳል፤ ፍሙም በወፍራም ብረት ውስጥ ተዘግቶ ይቀመጣል።

ነገር ግን እሳቱ አሁንም በፉርጎው ውስጥ ነበር። ስለዚህ ከ1887 አደጋ በኋላ አንዳንድ የአሜሪካ ክፍላተ ሀገር በመንገደኛ ፉርጎ ውስጥ ምድጃ ማንደድን በሕግ ወደ መከልከል ሄዱ። ሦስተኛው ደረጃም ይኸው ነው። ሎኮሞቲቩ ራሱ እንፋሎት ስለሚያፈላ ያ እንፋሎት በቧንቧ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ እየተላለፈ እንዲያሞቅ ተደረገ። እሳቱ አንድ ብቻ ሆነ፤ እርሱም ከመንገደኛው ርቆ፣ ሥራውን በሚያውቅ ሰው እጅ ተጠበቀ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አጭር ነው። ምድጃን ማጠንከር አደጋን ይቀንሳል፤ እሳቱን መዝጋት ይበልጥ ይቀንሳል፤ አደጋን ፈጽሞ የሚያርቅ ግን እሳቱን ሰው ከሚተኛበትና ከሚቀመጥበት ማራቅ ነው።

የጣና ዳርቻ ማገዶና ምድጃ

የባሕር ዳር ከተማ ማገዶ ለብዙ ዘመን በሐይቁ ላይ ሲመጣ የኖረ ነው። ከዘጌ እንጨት የጫኑ የደንገል ታንኳዎች ወደ ከተማይቱ ዳርቻ ሲጠጉ ማየት የታወቀ ነገር ነው። ከሰሉ በበኩሉ በብዛት ከሚመጣባቸው ስፍራዎች አንዱ የአዊ አገር ነው፤ በዚያ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን ግራር በእርሻቸው ላይ ተክለው፣ ሲደርስ አክስለው ይሸጡታል።

ይህ ከሰል የሚነድበት የቆየው ምድጃ ከአንድ ረድፍ ቆርቆሮ ወይም ላሜራ የተሠራ ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ሙቀቱ ወደ ድስቱ ብቻ ሳይሆን በጎኑም ይወጣል። ጎኑ ስለሚግል ሕፃናትን ያቃጥላል፤ ብረቱም ዘወትር በእሳት ስለሚበላ ቶሎ ይቀዳደዳል። ይህን ጉድለት ለማረም በ1980ዎቹ በኬንያ ውስጡ ሸክላ፣ ውጭው ቆርቆሮ የሆነ፣ ወገቡ ጠቦ ከላይና ከታች የሰፋ ምድጃ ተስፋፋ። በ1990ዎቹ መጀመሪያም በኢትዮጵያ ላቀች የተባለው ምድጃ በዚሁ ሐሳብ ተሠራ። ሸክላው ሙቀቱን ስለሚይዝ ምድጃው ከብረት ምድጃው ይልቅ አንድ አራተኛ ያህል ከሰል ይቆጥባል ተብሎ ይገመታል። ይኸውም በወር አራት ጆንያ የሚያነድ ቡና ቤት አንዱ ጆንያ ይተርፈዋል ማለት ነው። ለእንጀራም ምርጥ የተባለው ምድጃ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር ተቀርጾ ይሠራል፤ እሳቱን በዙሪያው ስለሚከብብ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል።

እንግዲህ በምድር ባቡሩ ታሪክ ቢመዘን ላቀችና ምርጥ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች የያዙ ናቸው። ገላቸው ጠንክሯል፤ እሳታቸውም ተከብቧል። ሦስተኛውን ደረጃ ግን ምድጃው ብቻውን ሊፈጽመው አይችልም።

የማይታየው አደጋ

ብዙ ሰው ከሰል አደገኛ የሚሆነው ጭስ ሲኖረው ብቻ ነው ብሎ ያምናል። በውጭ ተቀጣጥሎ ፍሙ ከቀላ በኋላ ወደ መኝታ ክፍል ቢገባ ጉዳት የለውም የሚለው አሳብ በየቤቱ አለ። ይህ አሳብ ስሕተት ነው፤ ሕይወትንም ያስከፍላል። ከሰል በቂ አየር ሲያገኝ የሚወጣው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ያም ጋዝ በቀላው ፍም መካከል ሲያልፍ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። በፍሙ ላይ የሚታየው ሰማያዊ ነበልባል ይኸው ጋዝ ሲነድ ነው። ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ አመድ በለበሰ ጊዜ ግን ጋዙ ሳይነድ ወደ ክፍሉ ይወጣል። ስለዚህ እሳቱን በአመድ አዳፍኖ ማደር በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሁሉ የከፋ ልማድ ነው።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ከደም ጋር የሚጣበቅበት ኀይል ከኦክስጅን ኀይል ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ የኦክስጅኑን ስፍራ ይወስዳል። መጀመሪያ ራስ ያማል፤ ቀጥሎም ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የእግር መድከም ይመጣል። የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ ያልፋል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ስለምትገኝ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ መርዙ የሚያጎድለው ቀድሞ ከጎደለው ላይ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ በ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ4 ሚሊግራም በላይ ካርቦን ሞኖክሳይድ እንዳይኖር ያሳስባል።

አደጋው ነጋዴውን ራሱን ይነካል። በሱቁ ውስጥ የሚያድር ባለሱቅ፣ በቆርቆሮ ቤት የሚያድር የመጋዘን ዘበኛ፣ ቡና ካፈላች በኋላ በር ዘግታ የምትተኛ ሠራተኛ፣ ሁሉም በተዘጋ ፉርጎ ውስጥ ምድጃ ይዞ እንደሚሄድ መንገደኛ ናቸው።

ከነጋዴው የሚጠበቀው

ምድጃ ከሠሪው የሚረከብ ነጋዴ ዕቃውን አንድ በአንድ ሊመረምር ይገባል። የውስጡን ሸክላ በጣት መታ ሲያደርጉት ጥርት ያለ ድምፅ የሰጠ እንደሆነ በደንብ የተተኮሰና ያልተሰነጠቀ ነው፤ ድምፁ የታፈነ ከሆነ ግን ስንጥቅ ስለሚኖረው መመለስ ይሻላል። በሸክላውና በቆርቆሮው መካከል ያለው መሙያ ሳይሸሽ ጥብቅ ብሎ መያዝ አለበት። እግሩ ወይም መቀመጫው ከአፉ የጠበበ ምድጃ ድስት ሲጫንበት ስለሚገለበጥ መቀበል አይገባም። እጀታዎቹ በአንድ ምስማር ብቻ ተይዘው እንደሆነ ፍም ይዞ ሲነሣ ሊለቁ ይችላሉ። የድስቱ ማሳረፊያዎችም እኩል መሆን አለባቸው።

ሸክላ በመንገድ ላይ የሚሰበር ዕቃ ስለሆነ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጎንደር የሚጭን ነጋዴ በምድጃዎቹ መካከል ገለባ ማድረግ፣ ከሁለት ረድፍ በላይም አለመደራረብ ይጠቅመዋል። አዲስ ሸክላ በመጀመሪያው ቀን በጥቂት ከሰል ቀስ ብሎ መሞቅ እንዳለበትና ትኩስ ሸክላ ላይ ውሃ እንዳይፈስ ለገዢው መንገር የመመለሻ ክርክርን ያስቀራል። ላሜራ የሚያስመጣ ነጋዴም በጣም የሳሳውን በርካሽ ከማምጣት ይልቅ ለእሳት የሚበረታውን ቢያመጣ ሠሪዎቹ የረጋ ደንበኛ ይሆኑታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ነጋዴው ሸቀጡ የማይችለውን ነገር ይችላል ብሎ መሸጥ የለበትም። ላቀች ከሰል ይቆጥባል፤ ገላውም ከብረት ምድጃው ያነሰ ያቃጥላል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን ከአሮጌው ምድጃ እኩል ሊገድል ይችላል። የአየር በሩን ጨርሶ ዘግቶ ከሰሉን ማቆየት ቁጠባ ቢመስልም አየር ያነሰው እሳት መርዙን ያበዛል። ምድጃው በውጭ ወይም በር በተከፈተበት ማድ ቤት እንዲነድ፣ ከመኝታ በፊትም ፍሙ ወጥቶ በውሃ እንዲጠፋ ለእያንዳንዱ ገዢ አንድ ቃል መናገር ጊዜ አይፈጅም። ራሱን አሞት ያዞረው ሰው በተገኘ ጊዜ መጀመሪያ በሩን ከፍቶ ወደ ውጭ አየር ማውጣት፣ ከዚያም ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ደረጃ በጣና ዳርቻ

የምድር ባቡር ሰዎች እሳቱን ከፉርጎው አውጥተው ወደ ሎኮሞቲቩ እንደ ወሰዱት፣ በጣና ዳርቻም እሳትን ከቤት የሚያወጣው ኀይል በቅርብ ይገኛል። የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ጣቢያ በ1964 ሥራ ጀምሯል። በ2010 የተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያ ደግሞ የሐይቁን ውሃ በዋሻ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። የኤሌክትሪክ ምጣድና ምድጃ የሚያስመጡ ነጋዴዎች የሚሸጡት የቅንጦት ዕቃ ሳይሆን እሳት የሌለበት ሙቀት ነው። ቢሆንም የኤሌክትሪክ ገመድ ካልደረሰበት ቤትና መብራት በጠፋ ቀን ከሰል መንደዱ አይቀርም። ስለዚህ ሁለቱም ዕቃ በአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ተገቢ ነው።

ደኅና ምድጃ የሸጠ ነጋዴ ያንኑ ደንበኛ በሚመጣው ዓመት ድስት ሊገዛ ሲመጣ ያገኘዋል። ምድጃውን ሲያስረክብ የሚናገረው አንድ ቃል ዋጋ የማይጠየቅበት፣ ነገር ግን ከምድጃው ጋር አብሮ መሸጥ ያለበት ዕቃ ነው።