ያውቁ ኖሯል? የቆራሌው ብረት ፎቅ ይሸከማል

ከደባርቅና ከዳባት ጣሪያዎች የሚወርደው ዝገት የበላው ቆርቆሮ፣ ያለቀው ማረሻና የመኪናው ስብርባሪ በቆራሌው ተሰብስቦ ማቅለጫ ቤት ከደረሰ የሕንፃ ፌሮ መሆን ይችላል። አንድ ቶን ውዳቂ ብረት እንደገና ሲቀልጥ 1.4 ቶን ያህል የብረት ማዕድንና 740 ኪሎ ግራም ያህል የድንጋይ ከሰል ይቆጥባል።

ዋናው ቁም ነገር ግን ማቅለጫው በኤሌክትሪክ መሥራቱ ነው። በዓለም ላይ አብዛኛው ብረት ዛሬም የሚመረተው በድንጋይ ከሰል ነው፤ በአገራችን ደግሞ ከኤሌክትሪኩ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው። የስሜን ተራሮች ጅረቶች የሚወርዱበት ተከዜ እንኳ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀ፣ 188 ሜትር ከፍታና 300 ሜጋ ዋት አቅም ያለው ግድብ ተሠርቶበታል። ብረቱን ያለ ድንጋይ ከሰል፣ በውኃ ኃይል ማቅለጥ መቻሉ ትልቅ ጸጋ ነው።

ውዳቂ ብረት አንድ ክፉ ጠላት አለው፦ መዳብ። አብሮ ከቀለጠ በኋላ መለየቱ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ሲበዛም ብረቱ በትኩሱ ሲዳመጥ እንዲሰነጠቅ ያደርገዋል። ስለዚህ አሮጌ ሞተር ወይም የመኪና ዕቃ ለቆራሌው ከመሸጥዎ በፊት የመዳብ ሽቦውን ለይተው ያውጡ።