ተረትና እውነታ፦ ልሙጥ ተዳፋት ውሃ አይጠጣም

በማዕድን ቁፋሮ የተገለበጠ ተራራ መልሶ ሲለማ አንድ እምነት በሰፊው ይሰማል፤ ተዳፋቱ ተጠቅጥቆ ልሙጥ ከሆነ አይሸረሸርም፣ ሣር ከለበሰ ደግሞ ድኗል ይባላል። በኋላ የተተከለው ዛፍ ሲደርቅ ጥፋቱ በዝናብ ይሳበባል። ይህ ስህተት መሆኑ በአሜሪካ የአፓላቺያ ተራሮች፣ በተለይም በምሥራቅ ኬንታኪ የድንጋይ ከሰል ወጥቶባቸው በተሞሉ ቦታዎች፣ በግልጽ ይታያል። አካባቢው በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል፤ ዝናቡም በአንድ ወቅት ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ነው የሚጥለው። ቁፋሮ ያልነካው ደን በዚያው ዝናብ ሲለመልም፣ አጠገቡ ተሞልቶ በተስተካከለው ተዳፋት ላይ ያለው ችግኝ በውሃ ጥም ይሞታል። ዝናቡ አንድ ከሆነ ልዩነቱን መፈለግ ያለብን መሬቱ ውስጥ ነው።

ከባድ ማሽን በተመላለሰ ቁጥር በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያሉት ሰፋፊ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። ውሃ የሚሰርገው፣ አየር የሚገባው፣ ስር የሚሄደው በእነዚሁ ቀዳዳዎች ነው። የአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ደረቅ አፈር ክብደት ወደ 1.7 ግራም ሲጠጋ የአብዛኛው ዛፍ ስር ሰንጥቆ ማለፍ ያቅተዋል። እንዲህ ያለው ተዳፋት በእበት እንደተለቀለቀ አውድማ ነው፤ የወረደበትን ዝናብ ወዲያው ቁልቁል ይሸኘዋል። ውሃው ሲወርድ ጉልበት እያገኘ ቦይ ያወጣል፤ ቦዩም በተራው ውሃውን ከተዳፋቱ ጠርጎ ስለሚያስወጣ በቦዮቹ መካከል የቀረው አፈር ይበልጥ ይደርቃል። ሽርሸራን ይከላከላል የተባለው መጠቅጠቅ ራሱ ሽርሸራን ይጠራል ማለት ነው። የደረቀ ችግኝ ተነቅሎ ሲታይ ነገሩ ቁልጭ ይላል፤ ስሩ ከመትከያው ጉድጓድ ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ተጠማዟል እንጂ ከጉድጓዱ አልወጣም። ያ ጉድጓድ በእርጥቡ ወቅት ውሃ አቁሮ ስሩን ያፍነዋል፣ ሙቀቱ ሲመጣ ደግሞ ደርቆ ይሰነጠቃል።

ሣሩስ? አፈርን ከዝናብ ጠብታ ግርፋት እንደሚጠብቅ አይካድም። ነገር ግን ለዓመታት በብዛት የተዘሩት ፌስኪው የተባለው የመኖ ሣርና የባቄላ ወገን የሆነው የእስያው ሌስፔዴዛ ለዛፍ ችግኝ ጎረቤት አይሆኑም። ውሃውንና ብርሃኑን ይሻሙታል፤ የግንዱን ልጥ ለሚግጡ አይጦችም መደበቂያ ናቸው። ከሩቅ ለሚያይ መሬቱ ያገገመ ይመስላል፤ ደኑ ግን ለአሥርት ዓመታት ሳይመለስ ይቀራል። ደን የነበረበት ተራራ በሣር ብቻ ተሸፍኖ መቅረቱ እጅግ ያሳዝናል።

እርግጥ የመጠቅጠቅ ልማድ ያለ ምክንያት አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1972 በምዕራብ ቨርጂኒያ፣ ቡፋሎ ክሪክ፣ የከሰል ዝቃጭ ያቆረ ግድብ ተደርምሶ 125 ሰዎች ሞተዋል፤ በ1977 የወጣው የከሰል ቁፋሮ የፌዴራል ሕግም እንዲህ ያለውን አደጋና የመሬት መንሸራተትን ለመግታት ጭምር የታሰበ ነበር። «የላላ ሙሌት ሰው ይገድላል» የሚል ሰው ስጋቱ ተገቢ ነው። መልሱ ጥልቀቱን መለየት ነው፤ ክብደት የሚሸከመው የውስጡ ሙሌት ይጠቅጠቅ፣ ስር የሚኖርበት የላይኛው 1.2 ሜትር ያህል ግን ላልቶ ይቅር። በ2004 የተመሠረተው የአፓላቺያ የደን መልሶ ማልማት ጥምረት የሚመክረውም ይህንኑ ነው፤ ሕጉም አይከለክለውም። የላላውን አፈር ጎርፍ ይወስደዋል ለሚሉም፣ ጉብታና ስርጓዳ የበዛበት ሸካራ ፊት ውሃውን ባለበት ያዝ አድርጎ ያሰርገዋል፤ በላዩ ያለው ድንጋይም ጠብታውን ይመክታል። ይህ ለዓይን ያልተጠናቀቀ ሥራ ይመስላል፤ ልሙጡ የሚመረጠውም ብዙ ጊዜ ለዚሁ ነው።

ቀድሞ የተጠቀጠቀ ለጥ ያለ መሬት በቡልዶዘር ጥርስ አንድ ሜትር ያህል ተፈልቅቆ ሊተከልበት ይችላል። ቀጥ ባለው ተዳፋት ላይ ግን ማሽኑ ሊገለበጥ ስለሚችል ይህ ዕድል ጠባብ ነው። እዚያ የመጨረሻው ንብርብር ገና ሲደፋ መላላት አለበት፤ ቡልዶዘሩ አንዴ ወይም ሁለቴ ካለፈበት ይበቃል፣ ነዳጁም ይተርፋል።