ሰማያዊው የእጅ ሌዘር በፎገራ ሜዳ

መምህራኖቻችን ሰሌዳ ላይ የሚጠቁሙባትን ቀይ ነጥብ ሁላችንም እናውቃታለን። የምትወጣበት ዕቃ ከብዕር አይበልጥም፤ ኀይሉም ቢበዛ ጥቂት ሚሊዋት ነው። እዚህ ላይ የማወራላችሁ ግን በስም የእርስዋ ዘመድ፣ በጠባይ ግን ባዕድ ስለ ሆነ ሌላ ዕቃ ነው። የእጅ ባትሪ የሚያህል፣ በአንድ የሊቲየም ድንጋይ የሚሠራ፣ 1 ዋት ማለት 1000 ሚሊዋት ሰማያዊ ብርሃን የሚወረውር የእጅ ሌዘር ነው። ባለፈው ኅዳር ከውጭ አገር የመጣ አንድ ዘመዳችን ይዞት መጥቶ ከወረታ ወጣ ብሎ በሚገኘው የፎገራ ሜዳ ላይ ለጥቂት ሌሊቶች ስናየው ሰነበትን። እኔ የአርትስ ተማሪ ስለ ሆንሁ ቁጥሮቹን ከአንድ የፊዚክስ ተማሪ ጋር ተቀምጠን አስልተናቸዋል። ስለዚህ የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቼ ብዙ እንዳይቆጡ እለምናለሁ።

ሌዘር ምን እንደ ሆነ ለመረዳት የጎንደር ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። አምፖል ወይም ኩራዝ ሲበራ ብርሃኑ የሚወጣው የወረታ ገበያተኛ ሲበተን እንደሚወጣው ነው፤ አንዱ ወደ ደብረ ታቦር፣ አንዱ ወደ አዲስ ዘመን፣ አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ ሁሉም በየራሱ እርምጃ ይሄዳል። ሌዘር ግን እንደ ማሕሌት ነው። በወረብ ጊዜ ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንዱ ጸናጽሉን ሲያነሣ ጎረቤቱ በዚያው ምት ይከተላል፤ ቀኙ ለግራው፣ ግራውም ለቀኙ እየመለሰ ዜማው እየበረታ ይሄዳል። ኀይል ተሞልቶ የተቀመጠ አቶምም አንዲት የብርሃን ቅንጣት ስታልፍበት በቀለምም፣ በአቅጣጫም፣ በምትም ከእርስዋ የማትለይ ሌላ ቅንጣት ይለቃል። ይህ ሊሆን እንደሚችል አልበርት አይንስታይን በ1917 እ.ኤ.አ. በወረቀት ላይ አሳይቶ ነበር። በሌዘር ውስጥ ሁለት ትይዩ መስታወቶች የቀኙንና የግራውን ረድፍ ቦታ ይይዛሉ፤ ብርሃኑ በመካከላቸው እየተመላለሰ ይበዛል፤ ከሁለቱ አንደኛው ጥቂት እንዲያሳልፍ ተደርጎ የተሠራ ስለ ሆነ በዚያ በኩል ቀጥ ያለ ጨረር ይወጣል።

የመጀመሪያውን ሌዘር አሜሪካዊው ቴዎዶር ሜይማን በካሊፎርንያ፣ ማሊቡ በሚገኘው የሂዩዝ ቤተ ሙከራ ግንቦት 8 ቀን 1952 ዓ.ም. አበራው። (ያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ገና በስሙ አልተከፈተም ነበር።) ብርሃኑ የወጣው ሩቢ ከሚባለው ዕንቍ ስለ ነበር ቀለሙ ቀይ ነው። ቀይ ቀላል ሆነ፤ ሰማያዊው ግን አስቸገረ። ሰማያዊ ብርሃን በእያንዳንዱ ቅንጣት የሚይዘው ኀይል ከቀዩ ስለሚበልጥ ይህን ኀይል የሚችል ጋልየም ናይትራይድ የሚባል ክሪስታል ያስፈልግ ነበር፤ እርሱን ደግሞ በጥራት ማብቀል ለብዙ ዓመታት ሰውን አደከመ። ኢሳሙ አካሳኪና ሂሮሺ አማኖ በናጎያ፣ ሹጂ ናካሙራም ኒቺያ በሚባለው ኩባንያ ውስጥ ደክመው መንገዱን ከፈቱ። ናካሙራ በ1993 እ.ኤ.አ. ደማቁን ሰማያዊ መብራት፣ በ1996 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሰማያዊውን ሌዘር አሳየ። ሦስቱም በ2014 እ.ኤ.አ. ስለ ሰማያዊው መብራት የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኀይለኛ ሰማያዊ ሌዘሮች በፊልም ማሳያ ፕሮጀክተሮች ውስጥ መግባት ጀመሩ፤ ወዲያውም እየፈቱ እያወጡ በእጅ ባትሪ ቀፎ ውስጥ የሚከቷቸው ሰዎች ተገኙ። የዘመዳችን ዕቃም የዚህ ትውልድ ነው።

አሁን ወደ ሜዳው እንሂድ። በኅዳር የፎገራ ሌሊት እርጥብ ነው። ከማሳው የሚነሣ ቀጭን ጉምና ከየቤቱ የሚወጣ ጭስ በአየሩ ውስጥ ይንሳፈፋል። ዕቃው ሲበራ ድምፅ የለውም፤ ከእጅ ተነሥቶ ሰማይ የሚነካ ሰማያዊ ምሰሶ ግን በድንገት ይቆማል። በውስጡ የሚያልፍ ነፍሳት ሁሉ እንደ ፍንጣሪ ብልጭ ይላል። ቀይ ጨረር እንዲህ አይታይም፤ አየር 450 ናኖሜትር የሚሆነውን ሰማያዊ ብርሃን ከ650 ናኖሜትሩ ቀይ አራት ጊዜ በላይ አብልጦ ይበትነዋልና። ቀን ሰማዩን ሰማያዊ የሚያደርገው ሕግ ይኸው ነው። ልጆቹን ከሁሉ ይልቅ የገረማቸው ምሰሶው ሰማይ ላይ አንድ ቦታ ደርሶ የተቆረጠ መምሰሉ ነበር። አልተቆረጠም። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ቆመን ስናይ ሁለቱ ጠርዞች ሩቅ ላይ አንድ ነጥብ እንደሚሆኑብን፣ የጨረሩም ቀሪ ርዝመት በዐይናችን ፊት ተጠቅልሎ አንዲት ነጥብ ይሆናል።

ሌላው የሚያስደንቀው ጨረሩ ያረፈበት ቦታ መልክ ነው። ራቅ ባለ የጭቃ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ለስላሳ አይደለም፤ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል፤ ራስን ሲያነቃንቁ ጤፉም ይንቀሳቀሳል። ከሸካራው ግድግዳ የሚመለሱት ሞገዶች እኩል ምት ያላቸው ስለ ሆኑ እዚህ እየተደጋገፉ፣ እዚያ እየተጣፉ የሚሠሩት ጥለት ነው። ይህን ለማየት ወደ ፎገራ መውረድ አያሻም፤ የመምህሩ ቀይ ነጥብ ግድግዳ ላይ ስታርፍም ይታያል። መነጽራችሁን አውልቃችሁ ራሳችሁን ወደ ቀኝ ብታነቃንቁና ጤፉ ወደ ግራ ቢሄድ ሩቅ የማያይ ዐይን አላችሁ ማለት ነው፤ ወደ ቀኝ አብሮ ቢሄድ ቅርብ የሚያስቸግረው ዐይን ነው። ከመኝታ ክፍላችን ስድስት ሰዎች በሦስቱ ላይ በትክክል ሠርቷል፤ ሦስቱ ግን ምንም መነጽር አያስፈልጋቸውምና አልተመሰከረባቸውም።

ብርቱካንማውን የመከላከያ መነጽር አድርገን ጨረሩን ወደ ሩዝ ቅጠል ስንመራው ሰማያዊው ጠፍቶ ቅጠሉ እንደ ፍም ደብዘዝ ብሎ ቀላ። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል ሰማያዊውን ውጦ ጥቂቱን ቀይ አድርጎ ስለሚመልሰው ነው። በዘይት የተበጠበጠ እርድም አረንጓዴና ቢጫ መካከል የሆነ ብርሃን ይሰጣል። እውነቱን ለመናገር ከሁሉ ያማረኝ ይህ ነው።

አጎቴ ግን በዚህ ሁሉ አልተማረኩም። ዘመዳችን ጨረሩን በክብሪት ራስ ላይ ሲያሳርፈው ክብሪቱ ቦግ አለ፤ በጥቁር ላስቲክ ላይ ሲያሳርፈው ወዲያው በሳው፤ ነጩን ወረቀት ግን ጥቁር ነጥብ እስኪደረግበት ድረስ እንኳን ሊያቃጥለው ሊያሞቀውም ተሳነው። አጎቴ ይህን አይተው፦

«ልጄ፣ ይህ ነገር መብራት ነው ወይስ እሳት?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ሁለቱንም ነው፣ አጎቴ» አልኋቸው።

«እንግዲያውስ ከገለባው ክምር አርቁት።»

ጥያቄያቸው ትክክለኛ ነበር። ጨረሩ ከዕቃው ሲወጣ 3 ሚሊሜትር ያህል ስፋት አለው እንበል፤ 1 ዋት በዚያች ጠባብ ቦታ ሲከማች በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 14 ዋት ያህል ይሆናል። የቀትር ፀሐይ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር የምትሰጠው አንድ አሥረኛ ዋት ገደማ ነው። ስለዚህ በእጃችን የያዝነው የፀሐይን 140 እጥፍ ነው። ጥቁር ነገር ይውጠውና ይነዳል፤ ነጭ ነገር ይመልሰዋል።

ዐይንን በተመለከተ ነገሩ ከዚህ የከፋ ነው። የዐይን ሌንስ የገባለትን ትይዩ ጨረር ሰብስቦ ሬቲና በሚባለው የዐይን የኋላ ሽፋን ላይ በመርፌ ጫፍ በምታህል ቦታ ያሳርፈዋል፤ ጥንካሬው እስከ 100,000 እጥፍ ይጨምራል። ብርሃን ሲያስደነግጠን ዐይናችን በሩብ ሰኮንድ ውስጥ ይከደናል፤ ለሚታዩ ጨረሮች ከ1 ሚሊዋት ያልበለጠው ለዐይን ይቻላል የተባለውም በዚህ ሩብ ሰኮንድ ላይ ተመሥርቶ ነው። የ1 ዋቱ ጨረር ግን ሽፋሽፍት ሳይከደን ሥራውን ይጨርሳል። ሬቲና ሕመም አይሰማትም። የተቃጠለው ደግሞ የመካከለኛው ክፍል ከሆነ ሰውየው በዳር በዳር ያለውን እያየ በመካከል ያለችውን ፊደል ያጣታል፤ ማንበብ የማይችል ልጅ ሆነ ማለት ነው። በስኳር በሽታ የሚደማ ሬቲናን ሐኪሞች በሌዘር ተኩሰው የሚያድኑ መሆናቸው እውነት ነው፤ እነርሱ ግን የሚተኩሱትን ቦታ በመሣሪያ እያዩ፣ መጠኑን እየለኩ ነው።

ሰማያዊነቱ ደግሞ ያታልላል። የሰው ዐይን ከሁሉ አብልጦ የሚያየው በ555 ናኖሜትር ላይ ያለውን አረንጓዴ ነው፤ 450 ናኖሜትሩን ሰማያዊ በብርሃን ጊዜ የሚያየው ከመቶ 4 እጅ ያህል አድርጎ ነው። ያየነውን ብርሃን በልምዳችን መዝነን «ይኼማ ያን ያህል አይደለም» ብንል የመዘንንበት ሚዛን ራሱ የተሳሳተ ነው።

ለፎገራ ደግሞ ውኃ አለ። ከርብና ከጉማራ ወንዞች በክረምት የሚሞላው ውኃ በየሩዙ ማሳ ተቋጥሮ ይቆያል። ጨረር ቀጥ ብሎ ከላይ ሲያርፍበት የረጋ ውኃ ከመቶ 2 እጅ ይመልሳል፤ ከ1 ዋት 2 እጁ 20 ሚሊዋት ነው፤ ይህም ከተባለው ልክ 20 እጥፍ ነው። አግድም ሲወረወር ደግሞ የሚመለሰው እጅግ ይበዛል። ቀጥታውስ እስከ የት ድረስ ይጎዳል? ጨረሩ በየሜትሩ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ያህል የሚሰፋ ከሆነ፣ በሌሊት ወደ ሰፋ የዐይን ብሌን የሚገባው ከ1 ሚሊዋት በታች የሚሆነው ከ150 ሜትር ገደማ በኋላ ነው። ከዚያም ወዲያ ቢሆን ያንፀባርቃል እንጂ ዝም አይልም። በአሜሪካ በ2023 እ.ኤ.አ. ብቻ 13,304 ጊዜ አብራሪዎች ሌዘር እንደ በራባቸው አስታውቀዋል። ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎንደር የሚያርፉ አውሮፕላኖች በጣና ዙሪያ ዝቅ ብለው እንደሚያልፉ የእኛ ልጆች ሁሉ ያውቃሉ።

መነጽር የመጣው ሁለት ብቻ፣ ልጆቹ ግን ብዙ ስለ ነበሩ፣ መነጽር የሌለው ሁሉ ከያዡ በስተኋላ እንዲቆም፣ ጨረሩም ከራስ በታች እንዳይወርድ ተወሰነ። የፀሐይ መነጽር ለዚህ አያገለግልም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ አካባቢ ቀለበት ሆኖ የታየውን የፀሐይ ግርዶሽ ለማየት የገዛነውም ለሌዘር የተሠራ አይደለም። የሚያገለግለው 450 ናኖሜትር ተብሎ የተጻፈበትና የኦፕቲካል ዴንሲቲው ቁጥር 4 ወይም ከዚያ በላይ የሆነው ነው፤ 4 ማለት ከአሥር ሺህ አንድ እጅ ብቻ ያሳልፋል ማለት ነው። በዕቃው ላይ የተለጠፈውን የኀይል ቁጥርም ማመን አይገባም። የአሜሪካ ብሔራዊ የመለኪያ ተቋም 122 የእጅ ሌዘሮችን መርምሮ በ2013 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው ከአረንጓዴዎቹ 90 በመቶ፣ ከቀዮቹም 44 በመቶ ያህሉ ከአገሩ የደኅንነት ደንብ ውጭ ሆነው ተገኝተዋል።

ከልጆቹ አንዱ፣ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ የሚጠብቅ ነው፣ «በዚህ ግሪሳውን ብናባርረውስ?» አለ። መልካም ሐሳብ ነው፤ በኔዘርላንድስም ለዚሁ የተሠሩ ሌዘሮች አሉ። እነርሱ ግን አረንጓዴ ናቸው፤ የሚሠሩትም ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ፣ ብርሃን ደካማ ሲሆን ነው። ግሪሳው ሩዙ ላይ የሚወርደው ፀሐይ ወጥታ ሳለ ስለ ሆነ ሰማያዊው ጨረር በቀን ብርሃን ውስጥ ይጠፋል። የማይታይ ሆኖ ግን ማቃጠሉን አይተውም፤ በማዶው ማማ ላይ ደግሞ ሌላ ልጅ ተቀምጧል። ሳቢሳውና በጣና ዳር የሚከርሙት ረጃጅም ወፎችም ዐይን አላቸው።

ሩዝን ሌዘር የሚጠቅመው በሌላ መንገድ ነው፤ ያውም በደካማው ሌዘር። በሕንድና በፓኪስታን ፑንጃብ ገበሬዎች በማሳው ዳር ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ትንሽ ሌዘር ይተክላሉ፤ እርሱ በዙሪያው እየተሽከረከረ በማሳው ላይ የማይታይ ጠፍጣፋ ጣሪያ ይዘረጋል። በትራክተር የሚጎተተው መዳመጫ ላይ ያለው ተቀባይ ያን ከፍታ እየተከተለ ምላጩን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ ጉብታው ተቆርጦ ጎድጓዳው ይሞላል። እንዲህ በተስተካከለ ማሳ ላይ ውኃው አንድ ጥልቀት ስለሚኖረው አንዱ ጥግ ሰምጦ ሌላው ሲደርቅ አይታይም፤ ውኃም ይቆጠባል። የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ብሔራዊ ማዕከል በወረታ ያለ በመሆኑ ጉዳዩ ለአካባቢው እንግዳ አይሆንም። የሚያስቸግረው የፎገራ ማሳ ትንንሽና የተበታተነ መሆኑ ነው፤ ትራክተሩ ሳይዞር ድንበር ይገጥመዋል፤ አፈር ከአንዱ ጉብታ ቆርጦ የሌላውን ጎድጓዳ ለመሙላት ደግሞ የጎረቤታሞች ውል ያስፈልጋል። ይህ ውል እንዴት እንደሚጻፍ የሕግና የእርሻ ተማሪዎች በሚቀጥለው ቁጥር ቢጽፉልን ደስ ይለናል።