አልየሰዕ፡- ጥቂቶች የሚጠሩበት የነቢይ ስም



ልጅ ተወልዶ ሰባተኛው ቀን ሲቃረብ በየቤቱ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስሙ ማን ይባል?» አባት አንድ ስም ያቀርባል፣ እናት ሌላ ትመርጣለች፣ አያት ደግሞ የራሳቸውን ያመጣሉ። ብዙውን ጊዜ ነገሩ በሙሐመድ፣ በኢብራሂም ወይም በዐብዱረሕማን ይቋጫል። አልፎ አልፎ ግን አንዱ ወላጅ «አልየሰዕ ብንለውስ?» ይላል። ያን ጊዜ ጥያቄው ይበዛል። «ይህ ደግሞ የማን ስም ነው? የዕብራይስጥ አይደለም እንዴ? ለልጁስ አይከብደውም?»

ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ልጁ ዕድሜውን ሙሉ የሚጠራበት ነገር ስለሆነ ወላጅ ቢያመነታ አይፈረድበትም። እኛም በዚህ ጽሑፍ ስሙ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደተጠራበትና ለምን ጥቂት ሆኖ እንደቀረ እንመለከታለን።

ስሙ በቁርአን

ነቢዩ አልየሰዕ (ዐ.ሰ) በቁርአን ውስጥ በስም ከተጠቀሱት 25 ነቢያት አንዱ ናቸው። ስማቸው የተጠራው ሁለት ጊዜ ነው። በሱረቱል አንዓም አንቀጽ 86 ከኢስማዒል፣ ከዩኑስና ከሉጥ ጋር፣ በሱረቱ ሷድ አንቀጽ 48 ደግሞ ከኢስማዒልና ከዙልኪፍል ጋር ተወስተዋል። በመጀመሪያው አላህ (ሱ.ወ) በዓለማት ላይ ካበለጣቸው፣ በሁለተኛው ደግሞ ከምርጦቹ መካከል መሆናቸውን እንረዳለን። ዝርዝር ታሪካቸው ግን በቁርአን አልተተረከም። ሙፈሲሮች የነቢዩ ኢልያስ (ዐ.ሰ) ተከታይ እንደነበሩና ከእርሳቸው በኋላ በበኒ ኢስራኢል መካከል እንደተነሱ ጽፈዋል።

በአይሁድና በክርስቲያኖች መጻሕፍት ስማቸው ኤልሳዕ ነው። በዚያ በሚገኘው ትረካ መሠረት ኢልያስ ሲያገኟቸው በዐሥራ ሁለት ጥማድ በሬ በሚታረስ እርሻ ላይ ነበሩ። ኢልያስ መጎናጸፊያቸውን ጣል ሲያደርጉባቸው በሬዎቹን ትተው ተከተሏቸው። ቁርአንና ሐዲስ ያላረጋገጡትንም ያላስተባበሉትንም እንዲህ ያለ ወሬ እኛም አናጸድቅም፣ አናስተባብልም፤ የዑለማእ መንገድ ይኸው ነውና።

የስሙ ሥር

ስሙ በዕብራይስጥ ከሁለት ቃላት የተገጠመ ነው። የመጀመሪያው «ኤል» ሲሆን አምላክ ማለት ነው። ሁለተኛው ማዳንን የሚያመለክት ነው። ሲጣመሩ «አምላክ መዳኛ ነው» የሚል ትርጉም ይሰጣሉ። ኢሳይያስና ኢያሱ የሚባሉት ስሞችም ከዚሁ ሥር የተገኙ ናቸው። እንግዲህ ትርጉሙን ለሚፈራ ወላጅ መልሱ አጭር ነው፤ ስሙ ከተውሒድ ጋር የሚጋጭ አንዳች ነገር የለበትም።

ለአገራችን አንባቢ ደስ የሚል ሌላ ነገርም አለ። በዕብራይስጡም በዐረብኛውም ስሙ የሚያበቃው በጉሮሮ በሚወጣው የዐይን ድምፅ ነው። በግእዝ «ኤልሳዕ» ተብሎ ሲጻፍም መጨረሻው ያው «ዕ» ነው። አማርኛ ተናጋሪው ዛሬ ከ«አ» ለይቶ ባይጠራውም ፊደሉ ግን ጠብቆታል። ትግርኛ ተናጋሪዎች እስካሁን በአፋቸውም ይለዩታል። አውሮፓውያን ድምፁ በቋንቋቸው ስለሌለ ትተውታል። እንግሊዞች «ኢላይሻ»፣ ስፓኞች «ኤሊሴዮ»፣ ሩሲያውያን «የሊሴይ» ይሉታል። የፎቅ አሳንሰር ገመዱ ቢበጠስ እንዳይወድቅ የሚያደርገውን መያዣ የሠራው አሜሪካዊ ኢላይሻ ኦቲስ (እ.ኤ.አ. 1811-1861) ይባል ነበር። በየካቲት 1876 እ.ኤ.አ. ከአሌክሳንደር ግራሃም ቤል ጋር በአንድ ቀን ስለ ስልክ ፈጠራ ማመልከቻ ያስገባውም ኢላይሻ ግሬይ ነበር። ሁለቱም የሚጠሩበት ስም ሥሩ የእኛው አልየሰዕ ነው።

አንድ «ላም» ወይስ ሁለት?

ዐረብኛው ስሙን ሲቀበል አንድ ጥያቄ ተነሣ። መነሻው ላይ ያለው «አል» በዐረብኛ ስሞች ላይ የሚጨመረውን «አል» ይመስላል። የስሙ አካል ነው ወይስ ጭማሪ? በዚህ የተነሣ ቃሪኦች በሁለት መንገድ አንብበውታል። በአገራችን በተለመደው የሐፍስ አነባበብ በአንድ ላም «አልየሰዕ» ሲባል፣ የኩፋ ቃሪኦች የሆኑት ሐምዛና ኪሳኢ ደግሞ ላሙን አጥብቀው «አለይሰዕ» ብለው አንብበዋል። ሁለቱም የታወቁና ተቀባይነት ያላቸው ቂርአቶች ናቸው። ኢማም ጦበሪ (በ310 ዓ.ሂ. ያለፉት) በተፍሲራቸው ጉዳዩን አንስተው በአንድ ላም የሚነበበውን መርጠዋል። ምክንያታቸውም ስሙ በታሪክ ዐዋቂዎች ዘንድ የሚታወቀው በዚያ መልኩ መሆኑ ነው።

ከዕብራይስጥ መምጣቱ ነውር ነውን?

«የዕብራይስጥ ስም ለሙስሊም ልጅ እንዴት ይሆናል?» የሚል ሰው በመጀመሪያ የራሱን ዘመዶች ስም ይቁጠር። ኢስማዒል፣ ያዕቆብ፣ ዘከሪያ የተባሉ ወንድሞች የሌሉበት ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። እነዚህም በዕብራይስጥ ትርጉም ያላቸው ስሞች ናቸው። የቋንቋ ሊቁ ጀዋሊቂ (በ540 ዓ.ሂ. ያለፉት) ወደ ዐረብኛ ስለገቡ ቃላት በጻፉት መጽሐፍ ከአደም፣ ከሷሊሕ፣ ከሹዐይብና ከሙሐመድ በቀር የነቢያት ስሞች በሙሉ ከዐረብኛ ውጭ የመጡ መሆናቸውን ገልጸዋል።

የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ተግባርም ይህንኑ ያሳየናል። ልጃቸው በተወለደ ሌሊት በአባታቸው በኢብራሂም (ዐ.ሰ) ስም ሰይመውታል። የአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪን ልጅም ኢብራሂም ብለውታል። ከአይሁድ ሊቃውንት ወደ እስልምና የገቡት የዐብዱላህ ኢብኑ ሰላም ልጅ ሲወለድ ደግሞ ዩሱፍ የሚለውን ስም ሰጥተውታል። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ የነጅራን ሰዎች መርየም «የሃሩን እህት» መባሏን ጠቅሰው ሙጊራን በጠየቁት ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የዚያ ዘመን ሰዎች ልጆቻቸውን በቀደሙ ነቢያትና ደጋግ ሰዎች ስም ይሰይሙ እንደነበር አስረድተዋል። ስለዚህ የነቢያት ስም የቋንቋ ድንበር አይከለክለውም።

በስሙ የተጠሩ ሙስሊሞች

ስሙ በታሪካችን እንግዳ አይደለም። ዛሬ ሞሮኮ በምትባለው አገር፣ በሰሃራ ዳር ሲጂልማሳ የምትባል የነጋዴዎች ከተማ ነበረች። ገዢዎቿ የሚድራር ቤተሰቦች ሲሆኑ፣ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከተማዋን በግንብ ያሳጠረው አልየሰዕ ይባል ነበር። በዚሁ ስም የተጠራ ሌላው የቤተሰቡ ገዢ አልየሰዕ ኢብኑ ሚድራር ደግሞ ኋላ የፋጢሚዮች መንግሥት የመጀመሪያ መሪ የሆነውን ዐብዱላህ አል-ማህዲን በከተማው አሰረ። በ909 እ.ኤ.አ. የፋጢሚዮች ጦር ደርሶ እስረኛውን ሲያስለቅቅ ግን የአልየሰዕ ሥልጣን አበቃ፤ ሕይወቱም ጠፋ። ከአንዱ ግንብ ቀረ፣ ከሌላው የእስር ቤት ወሬ። ስማቸው ግን አንድ ነበር።

በአገራችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ስም የሚያወጣው ግን ወላጅ ነው፤ ስሙን የሚያስከብረው ወይም የሚያዋርደው ደግሞ ባለቤቱ ነው። የሁለቱ አልየሰዖች ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው።

ዛሬም ስሙ በቱርክ «ኤልየሳ»፣ በኢንዶኔዥያ «ኢልያሳ» እየተባለ ለወንዶች ልጆች ይወጣል። በቱርክ በዲያርበኪር አቅራቢያ ኤይል በምትባል ሥፍራ የነቢዩ አልየሰዕ ነው የሚባል መቃብር አለ። የግድብ ውኃ እንዳያሰጥመውም በ1990ዎቹ ወደ ኮረብታ ተዛውሯል። በሳዑዲ ዐረቢያ ምሥራቃዊ ክፍልም የእርሳቸው ነው የሚባል ሌላ ሥፍራ አለ። እውነተኛውን አላህ ያውቃል።

ታዲያ ለምን ጥቂት ሆነ?

ኢልያስ የሚለው ስም ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም ቤት ሲገባ አልየሰዕ ለምን ወደኋላ ቀረ? አንደኛው ምክንያት ታሪክ ይመስለናል። ኢልያስ በሱረቱ አስ-ሷፋት ከሕዝባቸው ጋር ያደረጉት ክርክር ተተርኮላቸዋል፤ ሰው ደግሞ ታሪኩን የሰማውን ሰው ስም ያወጣል። ሁለተኛው የአጠራሩ ክብደት ነው። መነሻው «አል» መድረሻው «ዕ» የሆነ ስም ለምላስ አይቀልም። በዚህ ላይ ሁለቱ ስሞች ስለሚቀራረቡ አልየሰዕ የተባለው ልጅ በትምህርት ቤት «ኢልያስ» እየተባለ ሊቀር ይችላል።

ለወላጆች

ስሙን ለመረጡ ወላጆች ሦስት ነገር እንመክራለን። አንደኛ፣ አጻጻፉን ከመጀመሪያው ቀን ወስኑ። ስለ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ የወጣው አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። በልደት የምስክር ወረቀቱ ላይ «አልየሰዕ» ተብሎ በትምህርት ቤት «ኤልያሳ»፣ በፓስፖርት ደግሞ ሌላ ከሆነ ነገ የሚንገላታው ልጁ ነው።

ሁለተኛ፣ በቤት ውስጥ ስሙን ሙሉውን ጥሩት። ቤተሰቡ አሳጥሮ ካበላሸው ጎረቤትና መምህር ሊያስተካክለው አይችልም።

ሦስተኛውና ትልቁ፣ ታሪኩን ንገሩት። ብዙ ሰው የማይጠራበት ስም የያዘ ልጅ «ስምህ ምን ማለት ነው?» እየተባለ ያድጋል። መልስ ከሌለው ያፍርበታል፤ መልስ ካለው ይኮራበታል። ቁርአን ሲቀራ ሱረቱል አንዓም ላይ ሲደርስ ጣቱን በ86ኛው አንቀጽ ላይ አስቀምጡለት። አላህ ያበለጠው ነቢይ ስም እንደተሰጠው በዓይኑ ይየው።

በሙሐመድና በዐብዱላህ ልጆቻችሁን የሰየማችሁም አልተሳሳታችሁም፤ አላህ ዘንድ እጅግ ተወዳጆቹ ስሞች ዐብዱላህና ዐብዱረሕማን መሆናቸው በሐዲስ ተነግሯል። የእኛ መልእክት ጥቂቶች ስለሚጠሩበት ብቻ የነቢይ ስም እንደ ባዕድ እንዳይታይ ነው። አላህ ልጆቻችንን በስማቸውም በሥራቸውም ያማሩ ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።