ስለ አሳል ሐይቅ

አሳል የሚባለው ሐይቅ በጅቡቲ አገር፥ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በስተ ምዕራብ፥ በአፋሮች ምድር ይገኛል። ከባሕሩ የሚርቀው ዐሥር ኪሎሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፥ የውሃው ፊት ከባሕር በታች 155 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነው፤ በአፍሪካ ምድር ሁሉ ከዚህ የበለጠ ዝቅተኛ ስፍራ የለም። በዳሎል አጠገብ ያለው የኢትዮጵያ አሳሌ ግን ሌላ ነው፤ ስማቸው ስለ ተቀራረበ አንድ የሚያደርጋቸው ብዙ ሰው ነው።

ዓመቱን ሁሉ የሚፈስ ወንዝ አይገባበትም፤ ዝናምም በዚያ ጥቂት ነው። ታዲያ በዚያ ብርቱ ፀሓይ ስለ ምን አይደርቅም? በሐይቁና በባሕሩ መካከል ያለው ምድር ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ እርሱም የተሰነጣጠቀ ስለ ሆነ የባሕሩ ውሃ በምድር ውስጥ ሾልኮ እየወረደ በሐይቁ ዳር በምንጭ ይወጣል፤ ከምንጮቹም ፍል ውሃ የሆኑ አሉ። ፀሓይ ውሃውን በተን ታነሣዋለች፤ ጨዉን ግን ልታነሣው አትችልምና በዚያው ይቀራል። ስለዚህ ውሃው ከባሕር ውሃ ዐሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ ሆነ፤ ዳርቻውም እንደ በረዶ ነጭ ነው። ያ ምድር ዛሬም አላረፈም፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1978 ዓ.ም. አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ በዚሁ መካከል ፈነዳ፥ ምድሪቱም ከአንድ ሜትር በላይ ተራራቀች።

አፋሮች ይህን ጨው ቈርጠው በግመል እየጫኑ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ያወጡ ነበር፤ ሲመለሱም እህል ይዘው ይወርዱ ነበር። በረሓው ሰብል ባይሰጣቸውም ጨዉ ማሽላ ሆነላቸው። ለእንግዳ ግን መንገዱ እጅግ አስጨናቂ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1841 ዓ.ም. ወደ ሸዋ ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ከነጓዙ በዚያ ሲያልፍ፥ ሰፊ ውሃ በዓይናቸው ፊት ተዘርግቶ ሳለ በውሃ ጥም ሊያልቁ ደርሰው ነበር። ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ ራምቦም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1886 ዓ.ም. ለምኒልክ ጠመንጃ ጭኖ ከታጁራ ሲነሣ የወጣው በዚሁ በረሓ ነው።

ዛሬ ከጅቡቲ ከተማ በመኪና የሚመጣ ጐብኚ በግማሽ ቀን ይደርሳል። በውሃው ላይ በጀርባው ቢተኛ ይንሳፈፋል፤ ባዶ እግሩን ቢገባ ግን የጨዉ ስለት ይቈርጠዋል፥ ቍስል ያለበትም ያቃጥለዋል። በዳርቻው ሞገድ ያንከባለላቸው ድቡልቡል የጨው እንክብሎች ይገኛሉ፤ የአገሩም ሰዎች ጨው የለበሰ የፍየል ራስ ቅል ለጐብኚ ይሸጣሉ። ከግንቦት እስከ መስከረም ያለው ሐሩር ስለሚያይል በቀዝቃዛው ወራት መሄድ ይሻላል፤ የሚጠጣውንና ጨዉን ከገላው የሚያጥብበትን ውሃ ግን ማንም ቢሆን ከከተማ ይዞ መሄድ አለበት።