እንዴት ይሠራል? የቆዩ ምርጥ ዘፈኖች ስብስብ

ዕቃ እያጠቡ ወይም ልብስ እየተኮሱ የቆዩ ለስላሳ የፈረንጅ ዘፈኖች ስብስብ ይከፍታሉ። አንዱ ያልቃል፣ ሌላው ይተካል፣ እርስዎም ሳይታወቅዎ ያንጎራጉራሉ። ዘፈኖቹን ለዓመታት ያውቋቸዋል። ዛሬ የምናየው በአንዱና በሌላው መካከል የተሠራውን ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣውን የካርፔንተርስ «ዘ ሲንግልስ 1969–1973» እንውሰድ። ሪቻርድ ካርፔንተርና እህቱ ካረን በየጊዜው አንድ አንድ እያሉ ያወጧቸውን ዘፈኖች ሰብስበው ዝም ብለው አልደረደሯቸውም። የተወሰኑትን እንደገና አስተካክለው ቀዱ፤ አንዳንዶቹንም በሙዚቃ አገናኟቸው።

«ሱፐርስታር» አልቆ «ሬይኒ ዴይስ ኤንድ ማንደይስ» ሲገባ ጆሮዎን ይስጡት። ሙዚቃው ሳይቋረጥ ይሻገራል። የካረን ወፍራም፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ከአንዱ ሐዘን ወደ ሌላው ያደርስዎታል። እኔ ከአልበሙ ሁሉ ይህን መሸጋገሪያ አስበልጣለሁ።

ብዙ ድምፃውያን ያሉበት ስብስብ ከሆነ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ዘፈኖቹ በተለያየ ዓመትና በተለያየ ስቱዲዮ ስለተቀዱ አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ ይለሰልሳል፣ የአንዱ ቤዝ ይከብዳል። ይህን የሚያስማማው የማስተሪንግ ባለሙያ ነው። የሠርግ ፎቶ አንሺ ረጃጅሞቹን ከኋላ አቁሞ ሕፃናቱን ከፊት አስቀምጦ ሁሉም ፊት እንዲታይ እንደሚያደርገው፣ እሱም የማንንም መልክ ሳይለውጥ ያመጣጥናቸዋል።

ልዩነቱን በስልክዎ መሞከር ይችላሉ። የሙዚቃ መተግበሪያዎ የዘፈኖችን ድምፅ የሚያመጣጥን ምርጫ ካለው ያጥፉት። ከዚያ አንድ የ1970ዎቹ ዘፈን፣ ተከትሎም አንድ የቅርብ ጊዜ ዘፈን ያጫውቱ። ብዙውን ጊዜ እጅዎ ድምፅ ወደመቀነሻው ይሮጣል። በጥሩ ስብስብ ላይ እጅዎ ከሥራው የማይነሳው ባለሙያው ቀድሞ ስለደከመልዎ ነው።

ቅደም ተከተሉም ምክንያት አለው። የድስት ክዳን ይገልብጡና ሁለት የምስር ፍሬ ያስቀምጡ፤ አንዱን ከጠርዙ አጠገብ፣ ሌላውን ወደ መሃል ጠጋ አድርገው። ክዳኑን አንድ ዙር ቀስ ብለው ያዙሩት። ሁለቱም እኩል ጨረሱ፤ የጠርዙ ፍሬ ግን ብዙ መንገድ ሄዷል።

ሸክላም እንዲሁ ነው። በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ ሲዞር፣ መርፌው ገጹን ሲጀምር ዳር ላይ በሰከንድ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ መሃል ሲደርስ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ያው ድምፅ በጠባብ ቦታ ስለሚታጨቅ ጠንካራና ቀጭን ድምፆች እዚያ ላይ ይሻክራሉ። ስለዚህ ብዙ አዘጋጆች ሞቅ ያለውን ዘፈን ከዳር፣ ለስላሳውን ከየገጹ መጨረሻ ማድረግን ይመርጡ ነበር። በእርጋታ የሚያልቅ የሸክላ ገጽ ሲያጋጥምዎ ከስሜት ሌላ መርፌውም ድርሻ ሊኖረው ይችላል።

አሁን ደግሞ በጣም የምወደው ሙከራ። ከልጅነት ጀምሮ በአንድ ቅደም ተከተል የሰሙትን ካሴት ወይም አልበም ያጫውቱ፤ አንዱ ዘፈን እንዳለቀ ያቁሙት። ቀጣዩ ዘፈን በራስዎ ውስጥ አይጀምርም? ያንጎራጉሩት፤ ከዚያ ያስጀምሩትና ያነጻጽሩ። ተመራማሪው ዳንኤል ሌቪቲን እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው ጥናት፣ ተራ ሰዎች የሚያውቁትን ዘፈን ከትዝታ ሲዘፍኑ ብዙዎቹ ከዋናው ቅጂ ድምፅ ከፍታ ብዙም አልራቁም። የሙዚቃ ትምህርት አያስፈልግም፤ ደጋግሞ መስማት ይበቃል።

ስብስቡን ቅደም ተከተሉን አዘበራርቀው ሲያጫውቱ አንድ ነገር የጎደለ የሚመስልዎም ለዚህ ነው። ዘፈኖቹ ሁሉ አሉ፤ ጆሮዎ የጠበቀው ግን ሌላ ነበር።

ለራስዎ ስብስብ ሲያዘጋጁም ይህን ይጠቀሙበት። የመጀመሪያውን ዘፈን መጨረሻና የሁለተኛውን መጀመሪያ ብቻ፣ አሥር አሥር ሰከንድ፣ አከታትለው ያድምጡ። ካልተስማሙ ሁለተኛውን ወደ ታች ያውርዱና ሌላ ይሞክሩ። አንድ ዘፈን ድምፁ እየራቀ እየራቀ የሚያልቅ ከሆነ፣ ቀጥሎ በከበሮ የሚጀምር አያስገቡ፤ በፒያኖ ብቻ የሚገባ ይፈልጉለት።